ከዘውድ በኋላ፤ እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ

ለትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 መተርጐሚያ የሚሆን ታሪክ

ነቢዩ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን የላከው መልእክት በትንቢቱ በ29ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። እግዚአብሔርን በሙሉ ልቡ የሚፈልገው ሰው እንደማያጣው የሚናገረው ተስፋ የዚህ መልእክት ክፍል ነው፤ ስለዚህም ካህኑም መኰንኑም ያውቀዋል፤ በልቅሶ ቤትም ለማጽናናት ይነገራል። ዳሩ ግን ተስፋው ከመልእክቱ ተነጥሎ ሲነገር ለማን እንደ ተጻፈ ይረሳል። የተጻፈው ተሸንፎ ለተነዳ ሕዝብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ይዞ ንጉሡን ኢኮንያንን፥ መኳንንቱንና ጭፍራውን፥ ጠራቢውንና ብረት ሠሪውን፥ መጽሐፈ ነገሥት 10,000 ብሎ የሚቈጥራቸውን ሰዎች አፈለሰ። በዚያም ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ምርኮኞቹ ሲቈጠሩ ከንጉሡ ስም ቀጥላ የምትጠራ አንዲት ሴት አለች። እርስዋም እናቱ እቴጌይቱ፥ የኤልናታን ልጅ ኔስታ ናት። ይህ ከመሆኑ አስቀድሞ ኤርምያስ ለንጉሡና ለእቴጌይቱ የክብራቸው ዘውድ ከራሳቸው መውረዱን አስታውቆ ዝቅ ብለው እንዲቀመጡ መክሮ ነበር፤ ይህም በ13ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ኢየሩሳሌም ግን ምክሩን አልተቀበለችም።

እንግዲህ መልእክቱ ከተላከላቸው ምርኮኞች መካከል ዘውድዋን ያጣች እቴጌ ትገኝበታለች። ተርጓሚው ይህን ሳይዝ ቢያልፍ ከምዕራፉ ብዙ ነገር ይጐድልበታል።

የመልእክቱ ነገር ለምርኮኛ ጆሮ መራራ ነበር። የዓዙር ልጅ ሐናንያ ኢኮንያንም የቤተ መቅደሱም ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ ብሎ በሕዝቡ ፊት ተናግሮ፥ ሰሚውም ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ኤርምያስ ግን 70 ዓመት አለ። ቤት እንዲሠሩ፥ ተክል እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ ይልቁንም ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዘ። የሙሉ ልብ ተስፋ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ሆነ ትርጓሜውም ከዚሁ ይወጣል። የሰው ልብ በእግዚአብሔርና በኀጢአት መካከል እንደሚከፈል ሁሉ፥ በእግዚአብሔርና «ስመለስ» በሚለው ቃል መካከልም ይከፈላል። ምርኮኛው ስመለስ እጸልያለሁ ይላል፤ ሹመቱን ያጣውም ሲመለስልኝ አመሰግናለሁ ይላል። እንዲህ ያለው ሰው አብዝቶ ቢጸልይም የሚሻው መመለሱን ነው፤ እግዚአብሔርን እንደ መንገድ ያየዋል፥ መንገድም ካደረሰ በኋላ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ነቢዩ አስቀድሞ መመለሻውን አራቀው። ከሰሚዎቹ የሚበዙት ሳያዩት እንደሚሞቱ ካስታወቀ በኋላ እግዚአብሔርን ፈልጉ አላቸው። በፍጹም ልብ ማለት ሳይከፍሉ ማለት ነው። አንድም ዋጋ ሳይቈርጡ ማለት ነው። አንድም ቦታ ሳይመርጡ ማለት ነው፤ ይህ ሦስተኛው ለባቢሎን ሰዎች እጅግ የቀረበ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ ይህን ምዕራፍ በኑሮው የሚያስነብብ ሰው ቢፈለግ ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል የሚቀርብ አይገኝም። የእርሳቸው ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ከውጫሌ ውል ተነሥቶ በዓድዋ ድል ያበቃል። ከሥልጣን ወርደው የኖሩባቸው ስምንት ዓመታት ግን በአንድ ቃል ይታለፋሉ፤ ይህም የታሪክ ጸሓፊዎች ሁሉ ልማድ ነው፥ ሰው ዝም ሲል ያለፈ ይመስላቸዋልና።

ቦታው እንጦጦ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የተዘረጋው ይህ ተራራ ከፍታው ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ምሥራቅም እየተሳበ ሄዶ ከየካ ኮረብታዎች ጋራ ይገናኛል። በየካ በኩል ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ፥ ዋሻ ሚካኤል የሚባል አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዛሬ እጅግ ፈርሷል። የአገሩ ሰው በትውፊት የአብርሃና የአጽብሐ ሥራ ነው ይላል፤ መርማሪዎች ግን ዘመኑን ወደዚህ ያቀርቡታል። የማንም ዘመን ቢሆን፥ የሸዋ ነገሥታት ድንኳናቸውን ከመትከላቸው ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ በዚያ ተራራ ላይ ድንጋይ እየወቀሩ እግዚአብሔርን የፈለጉ ሰዎች እንደ ነበሩ አለቱ ይመሰክራል። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ አደረጉ፤ የእንጦጦ ማርያምና የእንጦጦ ራጉኤል አብያተ ክርስቲያናትም በዚያን ዘመን ታነጹ። ነገር ግን ብርዱ የጸና፥ ማገዶውም ከቀን ወደ ቀን የሚርቅ ስለ ነበረ ከተማው በዚያ ሊቈይ አልቻለም። በ1879 ዓመተ ምሕረት ከተራራው በታች በፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ያደረጉት፥ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። መኳንንቱ እየተከተሉ ወረዱ፤ መንግሥቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ጠቅልሎ ወረደ። ተራራው ለማርያምና ለራጉኤል ካህናት፥ ለጅቡና ለነፋሱ ቀረ።

እቴጌይቱ ከምኒልክ ጋራ የተጋቡት በ1875 ዓመተ ምሕረት በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቍርባን ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሌሎች ባሎች አግብተው ፈትተው ነበርና ያ ጋብቻ ለእርሳቸው አዲስ መጀመሪያ ነበረ። በዘመናቸው ከነበሩት ወይዛዝር መካከል መጻፍና ማንበብ የሚያውቁ፥ በገና የሚደረድሩ፥ ምክራቸውም ከወንዶቹ ምክር የሚፈራ ሴት ነበሩ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ጥቅምት 27 ቀን ደግሞ ጣይቱ እቴጌ ተብለው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ።

ያን ዘመን በደስታ ብቻ ማሰብ ግን አይገባም፤ ዘውዱ የተጫነው በክፉ ቀን ነው። በምፅዋ በኩል የገባው የከብት እልቂት በሬውን ፈጀው፤ ዝናም ጠፋ፥ አንበጣና ተምች ተከተለ፥ ፈንጣጣም መጣ። ራብተኛው ወደ ቤተ መንግሥቱ በር ጐረፈ፤ ጐተራ ተከፍቶ ተሰጠው። የሚያርስ በሬ ባለመኖሩ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቈፈሩ፥ መኳንንቱም ሳይወዱ እንደ እርሳቸው አደረጉ። እጀ ለስላሳው መኰንን ዶማ የጨበጠበት ዘመን ነበር። እንጦጦ እንግዲህ ንጉሥ ሲዋረድ አስቀድሞ አይታለች፤ ያኔ ግን ውርደቱ በፈቃድ ነበረ።

የዓድዋው ነገር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ አይረዝምም። በመቀሌ ምሽግ ጠላት የሚቀዳው ውሃ እንዲያዝበት የመከሩ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረትም በዓድዋ የራሳቸውን ጦር ይዘው የተሰለፉ እርሳቸው መሆናቸው ይበቃል። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ቃሉ የሚሰማ ሰው ጣይቱ ነበሩ።

ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ሕመሙ እየደጋገመ መጥቶ በ1902 ዓመተ ምሕረት መባቻ ላይ አንደበታቸውን ያዘ፤ መንግሥትም ያለ ተናጋሪ ቀረ። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ነበሩ፤ ሞግዚታቸውና እንደራሴያቸው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ። በዚህ መካከል እቴጌይቱ ሹመቱንና ሽረቱን በእጃቸው አደረጉ። የሰሜን ዘመዶቻቸውን ወደ ፊት አቀረቡ፤ ጋብቻንም እንደ ገመድ ተጠቅመው መንግሥቱን ከቤተ ሰባቸው ጋራ ለማሰር ጣሩ። የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ጉግሣ አግብተዋቸው ነበር። ለልጅ ኢያሱም በ1901 ዓመተ ምሕረት የራስ መንገሻ ዮሐንስ ልጅ ሮማነ ወርቅ ተዳሩ፤ እርስዋም በእናትዋ በኩል የእቴጌይቱ ዘመድ ነበረች። የሸዋ መኳንንት ይህን ሁሉ እያዩ ዝም ብለው ቈዩና በመጋቢት ወር 1902 ዓመተ ምሕረት ከመሐል ሰፋሪው ጋራ ተማክረው፥ አቡነ ማቴዎስንም ይዘው፥ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ፈረዱ።

ፍርዱ ትክክል ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ፈራጆቹም ቢሆኑ በሥልጣን ፍቅር ከእርሳቸው የሚያንሱ አልነበሩም። ራስ ተሰማ ራሳቸው ከዓመት በኋላ በ1903 ሞቱ፤ ልጅ ኢያሱም ከነገሩት ሰው ሁሉ ይልቅ ራሳቸውን የሚሰሙ ሆነው ተገኙ። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። እቴጌይቱ የታመኑባቸው ገመዶች አንድ በአንድ ተበጠሱ። የልጅ ኢያሱና የሮማነ ወርቅ ጋብቻ ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ። የቤተ መንግሥቱ ዘበኛ ትናንት የሰገደላቸውን ዛሬ ጠበቃቸው። እግዚአብሔርን የማያውቅ ልብ አልነበራቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ፥ የቈረቡ፥ የጾሙ ሴት ነበሩ። ነገር ግን የኤርምያስ ምርኮኞችም ቤተ መቅደስ ነበራቸው፤ ይጾሙም ነበር። ሰው ከእግዚአብሔር ሳይወጣ ከእግዚአብሔር ሊርቅ ይችላል፤ ይህም ርቀት ለባለ ሥልጣን ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው፥ ሥራውን ሁሉ ለእግዚአብሔር የሚሠራው ይመስለዋልና።

መኳንንቱ የሰጧቸው ቅጣት ማስታመም ነበረ። ይህን ቃል አንባቢ ቆም ብሎ ይመልከተው። ከመጋቢት 1902 እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓመተ ምሕረት ድረስ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር የማይናገርን ሰው አስታመሙ። በጽዋና በጨርቅ፥ በማንሣትና በማስተኛት የሚያልቅ ቀን ነው፤ ማንም አይጽፈውም፥ ለማንም ሹመት አያሰጥም። ቅጣት ብለው የፈረዱባቸው ሰዎች በአንኮበር በቍርባን የገቡትን ቃል እንዲፈጽሙ ማዘዛቸውን ያሰቡ አይመስልም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ። ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም፤ ለንጉሠ ነገሥት የሚገባው ልቅሶ በአደባባይ አልተለቀሰም። ወይዘሮ ዘውዲቱ ወደ ፈለ ተላኩ። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ።

ያ ቤት ዛሬም በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆሟል። እንጨትና ጭቃ ነው፥ ግድግዳው በነጭ የተቀባ፤ ከባላባት ቤት የሚለየው ጥቂት ነው። ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያደክም መንገድ የለም። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ነው። ያን ጊዜ በእልልታ የገቡበትን በር አሁን ባል የሞተባት ሴት ሆነው ገቡበት። ወደ ተራራው ጫፍ ወጣ ብሎ ወደ ደቡብ ለተመለከተ ሰው ደግሞ እርሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ በሞላ ትታያለች። የባቢሎን ምርኮኞች ሰው በሠራት ከተማ ተማርከው ስለ እርስዋ እንዲጸልዩ ታዘዙ፤ ጣይቱ የተማረኩት ራሳቸው በቈረቈሯት ከተማ ራስጌ ነው። ላሳደደው ሰው ሰላም መጸለይ ከባድ ነው፤ በገዛ እጁ የሠራውን ቤት ሌላ ሲኖርበት እያየ ስለ ቤቱ ሰላም መጸለይ ግን ከዚያም ሳይከብድ አይቀርም።

ስለ እነዚያ የእንጦጦ ዓመታት ሁለት ዐይነት ነገር ይነገራል። አንደኛው ወገን ተግዘው ነው፥ ጸሎቱም የእስረኛ ጸሎት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ዓለምን ንቀው እንደ መነኑ አድርጎ ይናገራል። ሁለቱም ከመልእክቱ ጋራ አይስማሙም። ፈቅደው ወጡ ማለት እውነትን ማስጌጥ ነው፤ ባይሻሩ ኖሮ ከግቢው ባልወጡም ነበር። ነገር ግን ተገዶ የመጣ ሰው ጸሎት አይቈጠርም የሚለው ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ኤርምያስ ለባቢሎን ሰዎች መጻፉ ከንቱ ነበረ። ከእነርሱ ማን ፈቅዶ ሄደ? ጠፍቶ የነበረውም ልጅ ወደ አባቱ ቤት ያሰበው የዓሣማውን ምግብ እንኳ ባጣ ጊዜ ነው፤ አባቱም ራብ ባይመታህ ትመጣ ነበርን ብሎ አልጠየቀውም። ወደ እግዚአብሔር ያደረሰው መንገድ ራብም ሕመምም ሽረትም ሊሆን ይችላል። ምዕራፉ የሚጠይቀው ሰውየው እንዴት እንደ መጣ ሳይሆን ከመጣ በኋላ ልቡን ስንት ቦታ እንዳስቀመጠው ነው።

ይህም የሚፈተንበት ቀን መጣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓመተ ምሕረት መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን ሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፥ ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ብዙ ደም ፈሰሰ፥ የንጉሥ ሚካኤልም ጦር ተሸነፈ። የእንጀራ ልጃቸው በዙፋን ላይ ተቀመጡ፤ የዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሣም የእርሳቸው የወንድም ልጅ ነበሩ። ሐናንያ በሁለት ዓመት ይመለሳል ያለው ነገር በበሩ የቆመ ይመስል ነበረ። ዳሩ ግን መኳንንቱ በእቴጌ ጣይቱ ቤት ላይ ያደረባቸው ፍርሃት አልወጣላቸውም፤ ንግሥቲቱን ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ለዩአቸው። ለእቴጌይቱም ሥልጣን አልተመለሰላቸውም። መንግሥት ተለወጠ፥ ንጉሥ ተሻረ፥ ንግሥት ነገሠች፤ የእርሳቸው መኖሪያ ግን እንጦጦ ማርያም ሆኖ ቀረ።

ከዓመት በኋላ፥ በኅዳር ወር 1910 ዓመተ ምሕረት፥ ወደ ጐንደር ሄደው የቀረ ዕድሜያቸውን በዚያ እንዲፈጽሙ ፈቃድ ለመኑ። አልተፈቀደላቸውም።

በዚህ ልመና ላይ ትርጓሜ ይለያያል። ከዙፋን የወረደ ሰው ወደ ወገኖቹ አገር እሄዳለሁ ሲል መኳንንት ይፈራሉ፤ ሰሜን የእርሳቸው ወገን ነበርና ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። አንዳንዱም ይህን አይቶ ልባቸው እስከ መጨረሻው ለሁለት ተከፍሎ ነበር ይላል። ነገር ግን የጐንደር ልመና የሽማግሌ ልመና ነው፤ ዮሴፍም ሲሞት ዓፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡ አስምሏል፥ በዚህም ማንም እምነቱን አልነቀፈም። ጐንደር የአብያተ ክርስቲያናት አገር፥ የእናታቸውም ወገን አገር ናት። በፍጹም ልብ መፈለግ ምኞትን ሁሉ ከልብ ነቅሎ መጣል ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ የመላእክት ሥራ ነው። የባቢሎን ምርኮኞች ኢየሩሳሌምን እንዲረሱ አልታዘዙም፤ መንገዱ ሲዘጋባቸው ጸሎቱን እንዳይዘጉት ነው የታዘዙት። ለእቴጌ ጣይቱ የመጣው መልስ ሐናንያ የሚሰጠው መልስ አልነበረም፤ ኤርምያስ ለእቴጌ ኔስታ የላከው ነበር። በነበሩበት ይቈዩ ተባሉ፥ በነበሩበትም ቈዩ።

መጽሐፈ ነገሥት በመጨረሻው ገጽ ስለ ኢኮንያን ይናገራል። በተማረከ በ37ኛው ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ዮርማሮዴቅ ከወህኒ አውጥቶ በማዕዱ አቀረበው፤ የወህኒውንም ልብስ ለወጠለት። ስለ እናቱ ስለ እቴጌይቱ ግን አንድም ቃል አልጨመረም።

እቴጌ ጣይቱ ያረፉት ልመናቸው ከተመለሰ ከሦስት ወር በኋላ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ በፊት ልክ በዓመቱ፥ የካቲት 4 ቀን 1909፥ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑበት ቀን ነበረ፤ ስለዚህ ከተራራው በታች ያለው ከተማ የንግሡን መታሰቢያ በሚያስብበት ዕለት ከተራራው በላይ ሞት ተሰማ። ጐንደር አልደረሱም፤ በእንጦጦም አልቀሩም። ዛሬ ዓፅማቸው በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከዐፄ ምኒልክና ከንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ጋራ ነው፤ ስም ባወጡላት ከተማ ውስጥ።